ዶፍ ሲወርድ፣ መብራት ሲሄድ፦ የካዛንቺስ ክረምትና የእጅ ሥራ

ሐምሌና ነሐሴ ላይ ከሰዓት በኋላ ካዛንቺስ ምን እንደምትመስል ለሰፈሩ ልጅ ማስረዳት አያስፈልግም። ጠዋት ፀሐይ ብልጭ ትላለች። ስድስት ሰዓት ላይ በእንጦጦ በኩል ይጠቁራል። ስምንት ሰዓት ሳይሞላ ቆርቆሮው መጮህ ይጀምራል። ከዚያ መብራት ይሄዳል፣ ዋይፋዩም አብሮት ይሄዳል። ዳታ ያለው ሰው ትንሽ ይቆያል፤ ኔትወርኩ ሲደክም ግን እጁ ላይ የሚቀረው 23 ፐርሰንት ባትሪና መቶ ጊዜ ያየው ጋለሪ ነው።

ዛሬ የምናወራው ስለዚያች ከሰዓት ነው።

“ዝናብ ሲይዛችሁ ቤት ውስጥ ምን ትሠራላችሁ” የሚሉ ቪዲዮዎችን ሳታዩ አልቀራችሁም። አብዛኞቹ ለሌላ አገር ሰው የተሠሩ ናቸው። ኦቭን አብሩ፣ ብልጭልጭ ሙጫ ግዙ፣ ይህን ኪት እዘዙ ይላሉ። መብራት በሌለበት ቤት ማን ኦቭን ያበራል? ደግሞም እኛ ክረምትን በእጅ ሥራ የማሳለፍ ልማድ ከውጭ ማስመጣት አያስፈልገንም። ዳንቴሉ አለ፣ ጥልፉ አለ፣ የቡሄ ጅራፍ አለ፣ የእንቁጣጣሽ ሥዕል አለ። አራቱም ብዙ መብራት አይጠይቁም፣ ኢንተርኔት አይፈልጉም፣ ዕቃቸውም ቤት ውስጥ ወይም ቅርብ ሱቅ ይገኛል። የሚያስቸግረው ሌላ ነገር ነው፤ የሚያውቁት ሰዎች እንደ ድሮው አጠገባችን የሉም። ወደዚያ እንመጣለን።

በመጀመሪያ ግን ስለ ዝናቡ። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያለች ከተማ ናት። በዓመት በአማካይ ከ1,100 ሚሊ ሜትር በላይ ዝናብ ታገኛለች፤ ከዚህ ውስጥ ግማሽ ያህሉ የሚወርደው በሐምሌና በነሐሴ ነው። ብዙ ጊዜ ከሰዓት የሚሆንበት ምክንያት አለው። ጠዋት ፀሐይዋ መሬቱን ታሞቃለች፣ የሞቀው እርጥብ አየር ወደ ላይ ይወጣል፣ ከፍ ሲል ይቀዘቅዝና ደመና ይሆናል፣ ከምሳ በኋላ ደግሞ ተመልሶ ጭንቅላታችን ላይ ይወርዳል። ትምህርት ቤት የሚዘጋውም በዚሁ ጊዜ ነው። ስለዚህ በአዲስ አበባ ልጅነት ውስጥ “ቤት ውስጥ የመታሰር” ወቅት አለ ማለት ይቻላል፤ የእጅ ሥራውም የተወለደው ከዚህ ነው።

ስለ መብረቅ ሁለት ነገር እንበል፣ ምክንያቱም በየዓመቱ የሚነሳ ወሬ አለ። “ስልክ መብረቅ ይስባል” የሚባለው ልክ አይደለም። ኪሳችሁ ውስጥ ያለ ስልክ ምንም አይስብም። አደጋው ስልኩ ቻርጅ ላይ ተሰክቶ እያለ ሲነካኩት ነው፤ መብረቅ በኤሌክትሪክ መስመሩ በኩል ሊመጣ ይችላል። ነጎድጓድ ከተሰማ ቻርጀሩን፣ ቴሌቪዥኑንና ፍሪጁን ንቀሉ። መብራት ሄዶ ሲመለስ የሚመጣው ኃይል ያልተስተካከለ ስለሚሆን መንቀሉ ለዚያም ይጠቅማል። ብልጭታውን ካያችሁ በኋላ ድምፁ እስኪሰማ ሴኮንድ ቁጠሩ፤ ሦስት ሴኮንድ አንድ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከ30 ሴኮንድ በታች ከሆነ ቅርብ ነውና ወደ ደጅ አትውጡ፣ ዛፍ ሥርማ በጭራሽ አትጠለሉ። የመጨረሻው ነጎድጓድ ከተሰማ በኋላ ግማሽ ሰዓት መጠበቅ ይመከራል። ግማሽ ሰዓት እንግዲህ አንድ የዳንቴል ክብ ለመጀመር ይበቃል።

አሁን ወደ ሰፈሩ።

ካዛንቺስ የሚለው ስም የመጣው በወረራው ጊዜ ለጣሊያን መንግሥት ሠራተኞች ቤት ከሚሠራው ድርጅት ነው። ቤቶቹ “ካዜ ኢንቺስ” ይባሉ ነበር፤ የአዲስ አበባ ሰው አፍ ካዛንቺስ አደረገው። ከዚያ በኋላ ሰፈሩ በጋራ ግቢና በቀበሌ ቤት ተሞላ። አንድ ግቢ፣ አንድ ቧንቧ፣ ብዙ ቤተሰብ። እንዲህ ባለ ግቢ ውስጥ ዝናብ ሲመጣ ልጆች ወደ ራሳቸው ቤት ብቻ አይገቡም፤ ቅርብ ወደሆነው በር ይገባሉ። እዚያ ደግሞ አንዲት እትዬ ኪሮሿን ይዛ ተቀምጣለች። “ነይ ቁጭ በይ፣ ይቺን ያዢልኝ” ትላለች። ዳንቴል የተማሩ ብዙ ሴቶች ትምህርቱን እንዲህ ነው የጀመሩት፤ ክር በመያዝ። ኮርስ የለ፣ ሰርተፍኬት የለ።

በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ በኮሪደር ልማቱ ምክንያት የካዛንቺስ ሰፊ ክፍል ፈረሰ። ነዋሪዎቹም ገላን ጉራን ወደመሳሰሉ ቦታዎች ተዛወሩ። ስለ ልማቱ ብዙ ተብሏል፣ ገና ብዙም ይባላል፤ የተሻለ ቤት ያገኘ አለ፣ ሥራውና ደንበኛው የራቀበት አለ። ይህ ጽሑፍ ስለዚያ አይደለም። እኛ የምንለው ሶፋውና አልጋው መኪና ላይ ሲጫን ያቺ “ነይ ቁጭ በይ” አብራ አልተጫነችም ነው። ኮንዶሚኒየም ውስጥ ዝናብ ሲዘንብ ሁሉም የራሱን በር ይዘጋል። እትዬም ሦስተኛ ፎቅ ላይ፣ ተማሪዋም ሌላ ብሎክ ላይ።

ስለዚህ ዳንቴሉን በደንብ እናስረዳ፣ ምክንያቱም መጀመሪያ የሚጠፋው እሱ ይመስለናል።

ዳንቴል የሚለው ቃል ፈረንሳይኛ ነው፤ “ጥርስ” ከሚለው ቃል የመጣ፣ የጠርዙን ጥርስ ጥርስ የሚል ቅርጽ ለመግለጽ። ኪሮሽም ከዚያው ቋንቋ ነው፤ ትንሽ ሜንጦ ማለት ነው። የቴሌቪዥን ልብስ፣ የሶፋ መደገፊያ፣ የጠረጴዛ፣ የሬዲዮ፣ የትራስ ጠርዝ ሳይቀር በዳንቴል የለበሰበት ዘመን ነበር። እንደኛ ግምት ለዳንቴል ትልቁ ጠላት ስልክ ሳይሆን ፍላት ስክሪን ነው። ወፍራሙ ቴሌቪዥን ጀርባው ላይ ዳንቴሉን ተሸክሞ ከነአበባ ማስቀመጫው ይቀመጥ ነበር፤ ግድግዳ ላይ የተሰቀለው ቀጭኑ ቴሌቪዥን ግን ልብስ የሚያለብሱበት ቦታ የለውም።

ለመጀመር አንድ ኪሮሽና አንድ ጥቅል ክር ይበቃል። ጀማሪ ከሆናችሁ ቀጭኑን ነጭ የዳንቴል ክር ለጊዜው ተዉት፤ ወፈር ያለ የሹራብ ክርና ወፈር ያለ ኪሮሽ ይዛችሁ ጀምሩ፣ ስህተታችሁ በግልጽ ይታያችኋል። የመጀመሪያ ሥራችሁ የብርጭቆ ማስቀመጫ ይሁን።

ክሩ ጫፍ ላይ ሲሳብ የሚጠብብ ቋጠሮ አስሩና ኪሮሹን አስገቡ። ክሩን በኪሮሹ ጫፍ ይዛችሁ በቋጠሮው ውስጥ ስታወጡት አንድ ሰንሰለት ይሆናል። ስድስት ጊዜ ድገሙት። ስድስተኛውን ከመጀመሪያው ጋር አገናኙ፤ ትንሽ ቀለበት አገኛችሁ። አሁን ቀለበቱ ዙሪያ “ቋሚ” እንሠራለን። ክሩን አንድ ጊዜ ኪሮሹ ላይ ጠቅልሉ፣ ኪሮሹን ቀለበቱ ውስጥ አስገቡ፣ ክር ይዛችሁ ውጡ። ኪሮሹ ላይ ሦስት ዙር ክር አለ። ክር ያዙና በሁለቱ ውስጥ አውጡት፤ እንደገና ያዙና በቀሩት ሁለት ውስጥ አውጡት። ይኼ አንድ ቋሚ ነው። በመጀመሪያው ዙር 12 ቋሚ፣ በሁለተኛው በእያንዳንዱ ላይ ሁለት ሁለት እየጨመራችሁ 24፣ በሦስተኛው አንዱን ነጠላ አንዱን ድርብ እያደረጋችሁ 36። እያንዳንዱን ዙር ስትጀምሩ ሦስት ሰንሰለት ሥሩ፤ እሱ እንደ አንድ ቋሚ ይቆጠራል።

ሥራው እንደ ጎድጓዳ ሳህን ወደ ላይ ከታጠፈ የጨመራችሁት አንሷል። እንደ ቀሚስ ጠርዝ ከተንቀጠቀጠ በዝቷል። ሒሳብ እኮ ነው። ዳንቴል የምትሠራ እናት ወረቀት ሳትይዝ ይህን ሁሉ በጭንቅላቷ እየቆጠረች፣ መሀል ላይ ወሬ እያወራች፣ ቡናው እንዳይገነፍል እያየች ነው የምትሠራው። ስትቆጥር ግን አታቋርጧት።

እዚህ ጋ ስልካችሁ ይጠቅማል። ያቺን 23 ፐርሰንት ባትሪ ምን ላይ እናውላት ካላችሁ የኛ መልስ ይኸው ነው፦ እናታችሁ፣ አክስታችሁ ወይም አያታችሁ ዳንቴል፣ ጥልፍ ወይም ስፌት የምትችል ከሆነ እጇን ቅረጹ። ፊቷን ሳይሆን እጇን። ቀረጻው ደግሞ ከፊት ለፊቷ አይሁን፤ ከፊት ሲቀረጽ ግራና ቀኙ ስለሚገለበጥባችሁ በኋላ አይታችሁ ስትሞክሩ ትደናገራላችሁ። ከኋላዋ ቁሙና በትከሻዋ በላይ፣ እሷ ራሷ በምታየው በኩል ቅረጹ። መጀመሪያ በፍጥነቷ ትሥራ፣ ከዚያ “እማዬ ቀስ ብለሽ አንዴ ድገሚልኝ” በሏት። የምትናገረውንም ድምፅ አታጥፉ፤ ጠቃሚው ነገር ብዙ ጊዜ እጇ ላይ ሳይሆን “አይ፣ እሱን ላላ አድርጊው” የሚለው ላይ ነው። ሁለት ደቂቃ ይበቃል። ስልኩን በረራ ሞድ ላይ ካደረጋችሁት ባትሪው ረጅም ሰዓት ይቆያል።

ብርሃን ካነሰም መላ አለ። ውኃ የሞላ ሃይላንድ የስልኩ ቶርች ላይ አቁሙበት፤ ብርሃኑ ተበትኖ ጠረጴዛውን በሙሉ ያበራል። ሻማ ከክርና ከጨርቅ ጋር አንድ ጠረጴዛ ላይ ባይሆን ይመረጣል። ዓይን የሚፈልገውን ሥራ መስኮት አጠገብ ሆናችሁ ሳይመሽ ጨርሱት።

ጥልፍ ላይ ብዙ ሰው የሚያምታታው ነገር አለ፤ ጥለትና ጥልፍ አንድ አይደሉም። ጥለት ሸማኔው እዚያው ሽመናው ላይ፣ ድርና ማጉን እያጠላለፈ የሚያወጣው ነው፤ የነጠላና የቀሚስ ጠርዝ ላይ የምታዩት። ጥልፍ ግን ጨርቁ ካለቀ በኋላ በመርፌና በክር ላዩ ላይ የሚሠራ ነው። ሽመና ያለ ዕቃው ቤት ውስጥ አይሞከርም፤ ጥልፍ ግን መርፌ፣ ባለቀለም ክርና አንድ ክንድ አቡጀዲ ካለ ይጀመራል። ስዕሉን በእርሳስ ጨርቁ ላይ ንደፉ፤ የመጀመሪያው ቀን መስቀል ወይም አደይ አበባ ይበቃል። ክሩን ከአንድ ክንድ በላይ አታስረዝሙት፤ ረጅም ክር ፈጥኖ የሚያልቅ ይመስላችኋል እንጂ እየተቋጠረ ጊዜያችሁን ይበላዋል። ጨርቁ ደግሞ መወጠር አለበት። ወጥሮ የሚይዘው ክብ እንጨት ከሌላችሁ ባዶ የፕላስቲክ ጣሳ አፍ ላይ ዘርግታችሁ በላስቲክ ማሰር ይቻላል።

“ይሄ የእናቶች ሥራ ነው” የሚል ወንድ አንባቢ ካለ ኤልያስ ስሜን ጎግል ያድርግ። መብራት ሲመጣ ማለታችን ነው። በ1968 እ.ኤ.አ. አዲስ አበባ የተወለደው ሠዓሊ ለዓመታት ሲሠራ የነበረው በመርፌና በክር ነው። ሸራ ላይ ክር እየሰፋ፣ አዝራር እየደረደረ ሥዕል ሠርቷል። በኋላ ደግሞ ከተጣሉ ኮምፒውተሮችና ስልኮች የወጡ ሽቦዎችንና የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳዎችን እየጎነጎነ ግድግዳ የሚሞሉ ሥራዎች ሠራ፤ ሥራዎቹ ቬኒስ ድረስ ሄደዋል። ከመስከረም አሰግድ ጋር ሆነው ያቋቋሙት ዞማ ሙዚየምም መካኒሳ አለ። ቤታችሁ መሳቢያ ውስጥ ያሉት የተበላሹ ኢርፎኖችና የቻርጀር ገመዶች እንግዲህ ቆሻሻ ናቸው ብላችሁ አትቸኩሉ። የስልክ ባትሪ ግን አትክፈቱ፤ እሱ ጨዋታ አይደለም።

የመሶብ ስፌትን በአጭሩ እንለፈው፤ በአንድ ዝናባማ ቀን የሚለመድ አይደለም። አክርማና ስንደዶ ያስፈልጋል፣ ቀለም የገባው አለላ ያስፈልጋል፣ ወስፌ ያስፈልጋል፣ ሣሩ እንዳይሰበር ውኃ እየነካ መለስለስ አለበት። ከተማ ውስጥ ሣሩ ሲጠፋ ከማዳበሪያ ከረጢት የተፈታ ክር የሚጠቀሙም አሉ። ቤታችሁ የሚችል ሰው ካለ ግን ከሁሉ አስቀድማችሁ እሱን ቅረጹ።

ነሐሴ ሲገባ ደግሞ ጨዋታው ወደ ጅራፍ ይዞራል። ቡሄ ነሐሴ 13 ነው። በኛ ልጅነት የጅራፉ ሥራ ከበዓሉ ሁለት ሳምንት ቀደም ብሎ፣ ዝናቡ በያዘን ከሰዓቶች ነበር የሚጀመረው፤ ያልተገመደ ጅራፍ ይዞ ቡሄ የሚደርስበት ልጅ መሳቂያ ነው። ጅራፍ የሚገመደው ከቃጫ ነው። ቃጫውን ትንሽ ውኃ አስነክታችሁ ለሁለት ክፈሉት። ሚስጥሩ እዚህ ላይ ነው። ሁለቱን ለየብቻ ወደ ቀኝ ታከራላችሁ፤ ከዚያ አንድ ላይ አድርጋችሁ ወደ ግራ ትገምዳላችሁ። እያንዳንዱ ወደ መጣበት ሊፈታ ሲል ሌላውን ያጠብቀዋል፤ ስለዚህ ገመዱ ራሱን በራሱ ይይዛል። ሁለቱንም ወደ አንድ አቅጣጫ ካከራችሁት ለቀቅ ስታደርጉት ተበታትኖ ያልቃል። ድርብ የስፌት ክርም፣ ትልቁ የመርከብ ገመድም በዚሁ ዘዴ ነው የሚሠራው። ወደ ጫፉ ስትሄዱ ቃጫውን እየቀነሳችሁ አቅጥኑት።

ጫፉ ለምን ይቀጥናል? ጅራፍ ሲወነጨፍ እንቅስቃሴው ከወፍራሙ ወደ ቀጭኑ እየሄደ ይፈጥናል፤ ጫፉ ላይ ሲደርስ ከድምፅ ፍጥነት ይበልጣል። “ጧ” የሚለው ጅራፉ መሬት ስለመታ አይደለም፤ አየሩ ነው የሚፈነዳው። ነጎድጓድም የዚሁ ዘመድ ነው። መብረቅ አየሩን በቅጽበት እጅግ ያግለውና አየሩ ፈንድቶ ያን ድምፅ ያሰማናል። የቡሄ ጅራፍ በደብረ ታቦር የተሰማው የነጎድጓድ ድምፅ ምሳሌ ነው የሚሉ ሽማግሌዎች እንግዲህ ፊዚክሱን ሳይማሩ አግኝተውታል። ቤት ውስጥ መግመድ እንጂ ማጮህ የለም፤ እሱን ሲያባራ፣ ሰው በሌለበት፣ ከመኪናና ከዓይን አርቃችሁ።

ከዚያ ጳጉሜ፣ ከዚያ እንቁጣጣሽ። ለኛ የክረምቱ ትልቁ የሥዕል ወቅት ይሄ ነው። ሴቶቹ አበባዮሽ ይላሉ፣ ወንዶቹ ሥዕል ያዞራሉ። መልአክ፣ አደይ አበባ፣ ፀሐይ፣ ወፍ፣ ዳር ዳሩን ሐረግ፣ ከሥር “እንኳን አደረሰዎ”። መስከረም 1 ጠዋት በር አንኳኩቶ ሥዕሉን መስጠት፣ ሳንቲሙን መቀበል። አስቡት፤ የስምንት ዓመት ልጅ ሥዕሉን ሠርቶ፣ ደንበኛውን መርጦ፣ ሸጦ ይመለሳል። ብዙ የሰፈራችን ልጅ በራሱ እጅ የሠራውን ሸጦ የመጀመሪያውን ብር የያዘው በዚያ ቀን ነው። አሁን አሁን በፎቶ ኮፒ የተባዛና ቀለም ብቻ የተቀባ፣ ወይም ጭራሽ የታተመ ካርድ እያየን ነው። ለልጁ ይቀለዋል፣ አንፈርድበትም። ግን ቤታችን ደርሶን ያስቀመጥነው የታተመውን ሳይሆን አንድ ዓይኑ ከሌላው የበለጠውን መልአክ ነው።

ዓይን ካነሳን አይቀር፣ ለመልአኩ አንድ ሙያ። በቤተ ክርስቲያን ሥዕል ልማድ ቅዱሳን ፊታቸው ወደ እኛ ዞሮ ሁለቱም ዓይኖቻቸው ይታያሉ፤ ክፉዎች ደግሞ በጎን፣ በአንድ ዓይን ይሣላሉ። ስለዚህ መልአኩን በጎን እንዳትሥሉት። ዓይኑን ትልቅ አድርጉት፣ ጥቁሩን መሀል ላይ ሳይሆን ትንሽ ወደ አንድ ጎን አስቀምጡት። ሐረጉ የብራና መጻሕፍት ራስጌ ላይ የምታዩት የተጠላለፈ ጌጥ ነው፤ ለዝናባማ ቀን እንደሱ ያለ ሥራ የለም። ሁለት እባብ መሰል መስመሮች እየተሻገሩ ይሂዱ። በሚገናኙበት ቦታ ሁሉ አንዱ ከላይ፣ ቀጥሎ ከታች፣ እንደገና ከላይ። ከታች የሚያልፈውን መስመር መገናኛው ላይ በላጲስ አጥፉት። ያኔ ወረቀቱ ላይ የተጎነጎነ ይመስላል። ካልተሳሳታችሁ ሁለት ሰዓት ሳታውቁት ይሄዳል።

ቀለም ከሌለስ? ኩሽና ግቡ። የቡና አተላ ቡናማ ይሰጣል፤ ውኃውን ስታበዙ የሚፈዝ፣ ስታሳንሱ የሚጠቁር፣ ከአንድ ስኒ ሦስት ዓይነት ቡናማ። እርድ በትንሽ ውኃ ደማቅ ቢጫ ነው፣ ለአደይ አበባ ልኩ። ቀይ ሥር ወደ ወይን ጠጅ የሚያደላ ቀይ ይሰጣል። ከሰል ጥቁር ነው። እርዱና ቀይ ሥሩ ፀሐይ ላይ ከቆዩ ይደበዝዛሉ፤ ለአንድ በዓል ግን ይበቃሉ። የእናታችሁን ነጭ የጠረጴዛ ልብስ መጀመሪያ አንሱት፤ እርድ አይለቅም።

ትንሽ ደፈር ላሉት ደግሞ ሠፈራችን አጠገብ ያለ ነገር እናስታውሳችሁ። ከካዛንቺስ ወረድ ብሎ ኢሲኤ ግቢ ያለው አፍሪካ አዳራሽ እ.ኤ.አ. በ1961 ነው የተመረቀው፤ ታድሶም እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2024 እንደገና ተከፍቷል። ውስጡ 150 ካሬ ሜትር የሚሆን የአፈወርቅ ተክሌ የመስታወት ሥዕል አለ። በሦስት ክፍል የአፍሪካን ትናንት፣ ዛሬና ነገ ያሳያል። አፈወርቅ በ1947 እ.ኤ.አ. እንግሊዝ የተላከው የማዕድን ምህንድስና እንዲማር ነበር፤ ሥዕሉ በልጦበት ወደ ሥነ ጥበብ ዞረ። ቤተሰብ “ምን ልትሆን ነው” እያለ ለሚጨቀጭቃችሁ ይቺን ያዙለት።

የመስታወት ሥዕል የሚሠራበትን መንገድ ቤት ውስጥ በቀላሉ መሞከር ይቻላል። ዶክመንት የሚያዝበት ግልጽ ፕላስቲክ አንድ ገጽ ቁረጡ። ሥዕሉን ወረቀት ላይ ሠርታችሁ ፕላስቲኩን ላዩ ላይ አድርጉና በጥቁር ማርከር ወፍራም መስመር አውጡ። መስመሩ ሁሉ የሚዘጋ ይሁን፤ ክፍት ቦታ ካለ ቀለሙ ከቀለሙ ይገናኛል። ከዚያ ፕላስቲኩን ገልብጣችሁ በጀርባው በኩል በባለቀለም ማርከር ሙሉት፤ እንዲያ ስታደርጉ ጥቁሩ መስመር አይበላሽም። መስኮቱ ላይ ለጥፉት። ውጭው ግራጫ ነው፣ ዝናቡ እየወረደ ነው፣ የናንተ መስኮት ግን ቀይና ቢጫ ነው።

ለእንቁጣጣሽ ከአሁኑ የምትጀምሩ ከሆነ አንድ ነገር ልብ በሉ። በክረምት ወረቀት እርጥበት ይይዛል፣ በውኃ የተቀባ ሥዕልም ሳይደርቅ ይውላል፣ ደርቆም ይጠቀለላል። ወፈር ያለ ወረቀት ምረጡ። ቀለሙ እጅ ላይ መያዙን ሲተው ሥዕሎቹን በአሮጌ ጋዜጣ መሀል መሀል አድርጋችሁ ከባድ መጽሐፍ ጫኑባቸውና ፍራሽ ሥር ሳይሆን ከመሬት ከፍ ያለ ደረቅ መደርደሪያ ላይ አስቀምጡ። ጋዜጣውን በየሁለት ቀኑ ቀይሩ። ጳጉሜ መጨረሻ ላይ ዝናብ የማይጥልበት አንድ ጠዋት አይጠፋም፤ ያን ቀን አውጥታችሁ በረንዳ ላይ አናፍሷቸው። ላስቲክ ከረጢትም አዘጋጁ፤ መስከረም 1 ጠዋት ሊዘንብ ይችላል።